መስመሩን ማን ዘረጋው?

ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን የቀላል ባቡር ሐዲድ ሁለቱ መስመሮች ይጋሩታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደውም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደውም ባቡር በሜክሲኮና በተግባረ እድ ጣቢያዎች በኩል የሚያልፈው በአንድ መንገድ ነው። አገልግሎቱ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባቡሩን የሚመግበው ከበላዩ የተወጠረ ባለ 750 ቮልት ሽቦ ነው። ያን ሽቦ ማን እንደነደፈው፣ የትኛው ተቋራጭ እንደወጠረው፣ ማን ፈትሾ እንደተረከበው በሰነድ ተይዟል።

ከሐዲዱ ጥቂት እርምጃ ርቀው በቆሙት የልደታ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «የወጥ ቤቱን መስመር ማን ነው የዘረጋልዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ነዋሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ስልኩ ጠፋብኝ» የሚል ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ነበረው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ነዋሪው ግራ ይጋባል፤ መንጃ ፈቃድንና ንግድ ፈቃድን የለመደው ጆሮው፣ ለአምፖልና ለሶኬትም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሲሰማ ይገረማል።

በዚህ ሰፈር ለጥገና የሚጠራ ባለሙያ ደጋግሞ የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል፦

«ልጄ፣ ምጣዱን ስሰካው መብራቱ ይጠፋ ነበር። ያኛው ልጅ መጥቶ ይቺን ቀየራትና መጥፋቱ ቀረ። አሁን ደግሞ ግድግዳው መሽተት ጀመረ።»

«እማማ፣ የቀየረልዎት ብሬከሩን ነው። የድሮው ስንት እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«እኔ ምኑን አውቄው!»

ረዳቱ በካቻቪቴ የማከፋፈያውን ክዳን ፈቶ ወደ ውስጥ ያያል። «ጋሼ፣ 32 ነው የገባው።»

«ሽቦውስ?»

«ባለ 2.5።»

ለባለሙያው ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። ዋቱ በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። ለሶኬት የተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በደህና የሚሸከመው 20ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ያህል አምፔር ሲሆን፣ እሱን የሚጠብቀው ብሬከር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 16 ነው። ምጣዱ በዚያ መስመር ላይ ሲሰካ ብሬከሩ መውደቁ ሥራውን ስለሠራ ነው። በምትኩ ባለ 32 የገባለት ቤት ግን ጠባቂውን አሰናብቷል። ከዚያ በኋላ ምጣዱ ላይ ፍሪጅና ካውያ ሲጨመሩ የሚግለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው፤ ፕላስቲክ ሽፋኑም ቀስ በቀስ ይቀልጣል።

የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለና መጋጠሚያው ግማሽ ኦም ያህል ተቃውሞ ካበጀ፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 128 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። ከድሮው ባለ 100 ሻማ አምፖል የሚበልጥ ሙቀት ነው፤ ያውም በተዘጋ ስካቶላ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ። ጋዜጦች «በኤሌክትሪክ ኮንታክት የተነሳ እሳት» እያሉ በአንድ ቃል ከሚያልፏቸው ቃጠሎዎች ጀርባ ያለው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ስለ ምጣዱ ማውራት የግድ ነው። የውጭ አገር የሽቦ አሠራር መጽሐፍ ያነበበ ሰው እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሰዓታት ይህን የሚያህል ጭነት በአንድ ሶኬት ላይ እንደሚያነድ አይነገረውም። የአዲስ አበባ ባለሙያ ይህን የሚማረው ከሥራው ነው፤ ለምጣዱ ከማከፋፈያው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያዘጋጅለታል። ፈቃድ ሰጪው ወገን ሊመዝነው የሚገባ ዕውቀት ካለ አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ፈቃዱ ምንድን ነው? አንድ ወረቀት አለመሆኑ ነው ብዙዎችን የሚያደናግረው።

የመጀመሪያው ከተማሩበት ተቋም የሚገኘው ማስረጃ ነው። በልደታ ይህ ሲነሣ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የባቡር ጣቢያው ስሙን የወሰደው ከተግባረ እድ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1934 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ በወጣች ማግሥት የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በአዲስ አበባ ኤሌክትሪክ ከዚያ በፊት ነበር፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በርቷል፣ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫም ተሠርቷል። አገሬው ሙያውን በክፍል ውስጥ፣ በሥርዓተ ትምህርት እንዲማር በር ከከፈቱት ተቋማት መካከል ግን ተግባረ እድ ቀዳሚ ስፍራ አለው።

እንዲህ ባለ ወርክሾፕ ሠልጣኙ የሚጀምረው ከግድግዳ ሳይሆን ከጣውላ ነው። በቆመ ሰሌዳ ላይ ቱቦ ያስራል፣ ስካቶላ ይመታል፣ ሽቦ ይጎትታል። ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ የደረጃ መብራት ነው፤ አንድን አምፖል ታች ሆኖ አብርቶ ላይ ወጥቶ ማጥፋት። በወረቀት ላይ ሁለት መስመር የሚመስለው ነገር እጅ ላይ ሲመጣ ሦስት ሽቦ ይሆናል፤ አንዱ ከተሳሳተ አምፖሉ ከላይ ብቻ ይታዘዛል። በአገሪቱ የሙያ ሥልጠና ፖሊሲ 70 ከመቶው ተግባር፣ 30 ከመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠበቃል። የተግባሩም ትልቅ ክፍል በድርጅቶችና በግንባታ ቦታዎች እንዲሠራ ስለታሰበ «የትብብር ሥልጠና» ይባላል። ተቀባይ ድርጅት ሲገኝ ሠልጣኙ ብዙ ያተርፋል፤ ሳይገኝ ሲቀር 70ውም እዚያው ጣውላው ላይ ያልቃል።

ሁለተኛው ወረቀት ሰው ሁሉ በአጭሩ «ሲኦሲ» የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ሰርተፍኬት ነው። «ዲፕሎማ አለህ?» ከሚለው ይልቅ «ሲኦሲ ወስደሃል?» የሚለው ጥያቄ በሥራ ማስታወቂያም በወጣቶች ጨዋታም እየገነነ ከመጣ ቆየ። ምዘናው የሚያርፈው ለእያንዳንዱ ሙያ በወጣ ብሔራዊ የሙያ ደረጃ ላይ ሲሆን፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታም የራሱ ደረጃዎች አሉት። ተመዛኙ የጽሑፍ ፈተና ይፈተናል፣ ከዚያ በመዛኝ ፊት ቆሞ በእጁ ይሠራል። ውጤቱ በመቶኛ አይነገርም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በንድፈ ሐሳቡ ያለፈ በተግባሩ ከወደቀ ሰርተፍኬት የለም።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ነገር፣ በእኔ ግምት በበቂ ያልተነገረለት ነገሩ፣ «የት ተማርክ?» ብሎ በር አለመዝጋቱ ነው። የምዘናው መነሻ ሐሳብ ዕውቀቱ ከክፍልም ይምጣ ከሥራ ቦታ፣ የሚለካው ተመዛኙ ማድረግ የሚችለው ነው የሚል ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ቀላል ነገር አይደለም። የከተማዋን ቤቶች የዘረጋው እጅ በብዛት በረዳትነት ያደገ እጅ ነው። ፒንሳ ከማቀበል ይጀምራል፣ ግድግዳ መፈልፈልና ሽቦ መጎተት ይከተላል፣ ከዓመታት በኋላ ዋናው ሰው ቁልፉን ሰጥቶት ይሄዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን እንዲሠሩ መደረጉ ይህን መንገድ አሰፋው። ልደታ ራሷ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌ መንደሮቿ ፈርሰው ፎቆች ሲበቅሉባት የብዙ ወጣቶች የሥራ ትምህርት ቤት ሆና ነበር።

በረዳትነት ያደገ ሰው በምዘናው ቀን የሚቸገረው እጁ ላይ አይደለም። የሚቸገረው «ይህን ለምን እንዲህ አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የግራውንድ ሽቦን ጌታው ሲያስር አይቶ ያስራል፤ ሽቦው የመሣሪያው ብረት ላይ የወጣውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መልሶ ብሬከሩን ለማስወደቅ እንደተቀመጠ ግን ያስረዳው አልነበረም። ልቀት ጠባቂው ብሬከር 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር መቶኛ ሦስት እጅ፣ ከመንገዱ ሲወጣ ለምን እንደሚቆርጥም እንዲሁ። ከዚያ ቁጥር በላይ በሰው አካል ካለፈ የልብ ምት ሊዛባ ስለሚችል ነው።

ቀለሙም ሌላ ወጥመድ ነው። በአሮጌ ቤቶች ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ነው። በአዲሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ኒውትራል ሰማያዊ ሲሆን ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ፌዝ ናቸው። ስለዚህ ጥቁር ሽቦ በአንዱ ቤት ሳይነዝር በሌላው ይገድላል። ቴስተሩን ከኪሱ ሳያወጣ በቀለም የሚተማመን ሰው፣ ልምዱ ሃያ ዓመትም ቢሆን፣ በምዘናው መውደቅ አለበት።

ሦስተኛው ወረቀት በስፋት የማይታወቀው ነው። ፈቃዱን መብራት ኃይል የሚሰጥ የሚመስለው ሰው ዛሬም አይጠፋም። ነገር ግን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ሻጩንና ዳኛውን ለይቷል። በዚያ ዓመት የወጣው የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ የተባለ ተቆጣጣሪ አቋቋመ፤ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮችን ብቃት ማረጋገጥም ሥራው ሆነ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ሲመጣ ኤጀንሲው የኢነርጂ ባለሥልጣን ሆነ፣ ከ2014ቱ የመንግሥት መዋቅር ለውጥ በኋላ ደግሞ ከነዳጁ ጋር ተጣምሮ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተባለ። ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. አመንጪና አከፋፋይ ተብሎ ለሁለት ሲከፈልም ይህ ሥልጣን ለሁለቱም አልተሰጠም። አከፋፋዩ እስከ ቆጣሪው ድረስ ያለውን ይጠብቃል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱና የዘረጋለት ሰው ነው።

የባለሥልጣኑ የብቃት ማረጋገጫ የትምህርት ማስረጃንና የሥራ ልምድን አይቶ በደረጃ ይሰጣል፤ ደረጃው ሲያድግ ሊሠራ የሚችለው ሥራም ያድጋል። ከሲኦሲ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲኦሲ «ይህ ሰው ይችላል» ይላል። የባለሥልጣኑ ወረቀት ግን «ይህ ሰው ወይም ይህ ድርጅት ይህን ያህል ሥራ ተረክቦ ሊጠየቅበት ይችላል» ይላል። በዚያ ላይ የንግድ ፈቃዱና የግብር መለያው አሉ፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ጨረታ ለመግባት የሚፈልግ ደግሞ በግንባታው ዘርፍ መመዝገብ ይጠበቅበታል። አንድ ወጣት ሁለት ክፍል ቤት ለመዘርጋት ይህን ሁሉ ደጅ ሲያስብ ፒንሳውን ይዞ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ቢሄድ ብዙ አይፈረድበትም። ሕጉ ትልቁን ተቋራጭ በዓይኑ ይዞ የተጻፈ ይመስላል፤ ለትንሹ ሰው የሚሆን አጭርና ርካሽ በር ቢኖረው ብዙ እጆች ወደ መዝገቡ በገቡ ነበር።

ኬንያ ይህን ለመፍታት የሞከረችው ፈቃዱን ራሱን በመሸንሸን ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈቃዷ ከኤ-1 እስከ ሲ-2 በሚጠሩ መደቦች የተከፈለ ሲሆን፣ ታችኞቹ ለአነስተኛ ሥራ የተተዉ ናቸው። ጋና ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሽቦ ዝርጋታ ደንብ ሁለት ሰዎችን ለያየች፤ የሚዘረጋው የተመሰከረለት ባለሙያ ነው፣ የሚመረምረው ሌላ የተመሰከረለት መርማሪ ነው። ለአዲስ አበባ ይበልጥ የሚያስቀናው የጋናው ነው። የእኛ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለኤሌክትሪክ ዲዛይን ቦታ ቢሰጥም፣ ከመገልገል በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ የጠየቀው ምድብ «ሐ» ለሚባሉት፣ ለሕዝብ አገልግሎት ለሚውሉ ወይም ከፍታቸው ከ12 ሜትር ለሚበልጥ ሕንፃዎች ነው። ተራው መኖሪያ ቤት ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ማንም ሜገር ይዞ አይመጣበትም። ሜገር ማለት 500 ቮልት ልኮ የሽቦውን ሽፋን ጤንነት የሚለካ መሣሪያ ነው፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ ውጤቱ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆን አለበት። ልኬቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ኮዱስ? አለ። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃ ቁጥር 10፣ ባለሙያዎች «ኢቢሲኤስ 10» የሚሉት፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከት ሲሆን የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። መሐንዲሱ ያውቀዋል፤ ዲዛይኑ ላይ ይጠቅሰዋል። ሽቦ የሚጎትተው ልጅ እጅ የሚደርሰው ግን በአፍ ነው፤ ከጌታው ወደ ረዳቱ፣ በየመንገዱ ትንሽ ትንሽ እየተሸራረፈ።

ልደታ ሌላም የምትታወቅበት አለ፤ ፍርድ ቤቱ። በዚያ ችሎት ቢደርስ ጉዳዩ ምን ይመስላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን ለሥራው ደኅንነት ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ሁለቱን አጣምሮ ላነበበ ሰው የፈቃዱ ጥቅም ከዚህ ይጀምራል። ውል የፈረመና ስሙ በመዝገብ ያለ ባለሙያ ካለ፣ ባለቤቱ ጉዳቱን ከፍሎ ፊቱን ወደ እሱ ሊያዞር ይችላል። ስልኩ ጠፍቶበት ከሆነ ግን ከሳሽም ተከሳሽም እሱው ራሱ ሆኖ ይቀራል።

ሙያውን ይዘው ባሕር የተሻገሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዩታል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲያትል፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በሁሉም ዓይነት ሕንፃ ለመሥራት የሚያስችለውን የኤሌክትሪሺያን ፈተና ለመቀመጥ 8,000 ሰዓት ሥራ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አራት ዓመት ያህል ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፈቃድ ባለው ሰው ሥር በሠልጣኝነት ተመዝግቦ ነው፤ እዚህ «ረዳት» የሚባለው ሰው እዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስም አለው። አዲስ አበባ ላይ ጌታ የነበረው ሰውዬ እዚያ ሲደርስ 220ው 120 ይሆንበታል፣ 50 ኸርዙ 60፣ ሚሊ ሜትሩ የሽቦ ቁጥር፤ ኒውትራሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ሽቦ ደግሞ የሚነዝረው። ኮዱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። እንደገና ከረዳትነት መጀመሩ ክብር ይነካል፤ ሆኖም የሠራው ሰዓት አይጠፋበትም።

ረዳትን መመዝገብ ለእኛም የማይከብድ ነገር ነበር። ምዘናው ያለ ትምህርት ቤት የመጣን ሰው ይቀበላል፣ ባለሥልጣኑ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቃል፤ በመካከሉ ግን የረዳቱን ዓመታት በወረቀት የሚያስቀምጥለት የለም። ለአምስት ዓመት ሽቦ የጎተተ ልጅ ልምዱን የሚመሰክርለት የሚያገኘው ከጌታው ጋር ካልተጣላ ነው።

ጉዳዩን የሚያፋጥን አዲስ ጭነት ደግሞ በር ላይ ቆሟል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በኮንዶሚኒየም ግቢዎች መታየት ጀምረዋል። ባለ 7 ኪሎ ዋት የቤት መሙያ 32 አምፔር ይስባል፤ የምጣዱ እጥፍ ገደማ፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ለዚህ የሚሆን መስመር ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ቢያንስ ባለ 6 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ልቀት ጠባቂ፣ የተለካ ግራውንድ ይፈልጋል። ከቆጣሪው ክፍል ተነሥቶ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወርደው በደረጃውና በግቢው በኩል ስለሆነ፣ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ በሆነው የሕንፃ ክፍል ላይ ያልፋል። አንዱ ነዋሪ በራሱ ሰው አስጠርቶ የሚያስፈልፍለው ግድግዳ አይደለም፤ የማኅበሩ ኮሚቴ ሊወያይበትና ሊፈቅደው ይገባል። ኮሚቴውም ከመፍቀዱ በፊት የዲዛይን ወረቀቱን፣ የዘርጊውን የብቃት ማረጋገጫና የሜገሩን ውጤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ ማለት ይችላል።